አተላው ለብሪኬት፣ ውኃው ለእንሰት
ከባዮጋዝ ተረፈ ምርትና ከቡና ገለፈት ማገዶ ለመሥራት፣ ለቦንጋና ለካፋ ዞን አንባቢ

ማገዶ በሞላበት አገር ስለ ማገዶ መምከር፣ በዝናብ ቀን ስለ መስኖ እንደ መስበክ ሊቆጠር ይችላል። ቦንጋ በዓመት 1,700 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ፣ ዙሪያዋን ደን የከበባት ከተማ ናት። እንደ ሰሜኑ ደጋ ኩበት ለመልቀም ሜዳ ለሜዳ የሚዞርባት አይደለችም። ይሁን እንጂ ይህ ደን ዝም ብሎ የቆመ እንጨት አይደለም። የአረቢካ ቡና የዱር ዘር ዛሬም ከጥላው ሥር በራሱ የሚበቅልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ ካፋንና ያዩን ሲመዘግብ ሁለቱ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ሆኑ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ቢሮ ሲከፈትና ተከራይ ሲበዛ ጓሮ የሌለው ቤተሰብም ይበዛል፤ ጓሮ የሌለው ደግሞ እንጨት አይሰበስብም፣ ከሰል ይገዛል። ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ የሚያጠያይቅ አይደለም።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚያስተምረው አንድ ሥራ ነው፤ ከባዮጋዝ ማብላያ የሚወጣውን ስለሪ ከቡና ገለፈት ጋር አዋህዶ ብሪኬት መሥራት። አሠራሩን ከመዘርዘሬ በፊት ግን የምሟገትለትን ነገር ልናገር፤ ደረጃዎቹ ሁሉ የሚመነጩት ከእሱ ነውና። ስለሪን ለብቻው አድርቆ ማንደድ ብልኅነት አይደለም። እንዲህ የተሠራ ብሪኬት ሌላ ስም የወጣለት ኩበት ነው፤ ያውም ከኩበት የከፋ፣ ምክንያቱም በቀላሉ የሚነደውን ክፍል ማብላያው ቀድሞ ወደ ጋዝ ለውጦ ወስዶታል። የሚቀረው አመዱ የበዛ፣ ሙቀቱ ያነሰ ቃጫ መሰል ነገር ነው። ኃይሉን ከቡና ገለፈቱ እንውሰድ። ከስለሪው የምንፈልገው ሙጫነቱን ብቻ ነው። ለተክል የሚሆነው ውኃው ደግሞ ጠብታውም ቢሆን ምድጃ ውስጥ መግባት የለበትም። ጠላ ሲጠለል አተላው እንደሚቀር ሁሉ፣ ስለሪም ሲጠለል የሚቀረውን ቃጫማ ክፍል እዚህ አተላ እያልሁ እጠራዋለሁ።

መጀመሪያ ማብላያዎ በደንብ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ባዮጋዝ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ማብላያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአምቦ እርሻ ኮሌጅ ተተክሏል፤ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል ተጀመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ለመገንባት ታቅዶ የተሠራው 8,000 ገደማ ነበር፤ ከተሠሩትም ውስጥ በውኃ፣ በእበትና በጥገና እጦት ሥራ ያቆሙ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለብሪኬት ብለው ከማብላያው እበት የሚቀንሱ ከሆነ ሥራውን ከነጭራሹ አይጀምሩ። በገጠር የተለመደው «ስንዱ» የተባለው ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ ነው። በበረት ከሚያድሩ አራት ከብቶች በቀን 40 ኪሎ ግራም ያህል እበት ከ40 ሊትር ውኃ ጋር ተበጥብጦ ቢገባለት አንድ ሜትር ኩብ ተኩል የሚጠጋ ጋዝ ይሰጣል፤ ይህም አንዱን ምድጃ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ለወጥና ለቡና ይበቃል። ለምጣድ ግን አይበቃም፤ የእሳቱ ነበልባል ጠባብ ስለሆነ እንጀራም ሆነ ቆጮ በወጉ አይጋገርበትም። ባዮጋዝ ያለው ቤት እንጨት የሚፈልገው በዚህ ቀዳዳ ነው፤ የእኛም ሥራ የሚገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው።

ቀጥሎ ስለሪውን መለየት ነው። 80 ሊትር የገባለት ማብላያ 80 ሊትር ያህል ያስወጣል፤ በዚህ ውስጥ ያለው ደረቅ ነገር ግን ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ግራም ቢሆን ነው፣ ሌላው ውኃ ነው። ከማስወጫው ጎን ሦስት ወይም አራት ጠንካራ እንጨት ተክለው የቃጫ ጆንያ አፉን ከፍተው ይስቀሉበት። ከሥሩ ያዘነበለ ቆርቆሮ ወይም በሸራ የተነጠፈ ቦይ ያድርጉና ወደ ባልዲ ወይም በቀጥታ ወደ እንሰቱ ሥር ይምሩት። ስለሪውን በባልዲ ቀስ ብለው ጆንያው ውስጥ ያፍስሱ፤ መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ይንጠባጠባል፣ ሌሊቱን ይጠልላል። ጠዋት የጆንያውን አፍ ጠምዝዘው ከላይ ድንጋይ ይጫኑበት። እፍኝ ሲይዙት ቅርጹን የሚጠብቅ፣ ሲጨምቁት በጣቶች መካከል ጥቂት ውኃ ብቻ የሚያወጣ አተላ ከቀረ በቂ ነው። በዚህ አሠራር በቀን ከስምንት እስከ አሥር ኪሎ ግራም እርጥብ አተላ ይገኛል፤ ሲደርቅ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ነው። ማሽተቱን የሚፈራ ሰው በደንብ የተብላላ ስለሪ እንደ ትኩስ እበት እንደማይሸት ይወቅ። ክፉኛ ከሸተተ ማብላያው ምግቡን ሳይጨርስ እያስወጣ ነው ማለት ነው፤ የበዛ እበት እየገባለት ሊሆን ይችላል። ሽታው መጥፋቱ ግን ጀርም መጥፋቱን አያረጋግጥም። ጓንት ያድርጉ፣ በሳሙና ይታጠቡ፤ ሽንት ቤት የተያያዘበት ማብላያ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት።

የወረደውን ውኃ እንደ እጣቢ አይድፉት። የከብት እበት ሲብላላ ናይትሮጅኑ አይጠፋም፤ ግማሽ ያህሉ ተክል ወዲያው ሊወስደው በሚችል መልክ ወደ ውኃው ይሟሟል፣ ፖታሺየሙም እንዲሁ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ስለሪ ይህን ናይትሮጅን ለአየር ይሰጠዋል፤ ጥላ ሥር አፈር ውስጥ የገባ ግን ለእንሰቱና ለቡና ችግኙ ይተርፋል። የካፋ አርሶ አደር እበትን ለእንሰት መስጠት ከጥንት ያውቃል። «ማዳበሪያችንን ልታቃጥሉብን ነው ወይ?» ብሎ ቢቆጣ ትክክል ነው፤ ስለሪ ሳይለዩ ብሪኬት ለሚሠሩ ሰዎች ቁጣው ይገባቸዋል። እዚህ ግን የሚነደው አተላው ብቻ ነው። አተላው ውስጥ የሚቀረው ፎስፈረስም ቢሆን ሲነድ አይበንንም፣ አመዱ ውስጥ ይቀራል። የደቡብ ምዕራብ አፈር ዝናብ ያጠበውና አሲዳማ በመሆኑ የምድጃ አመድ ለጓሮው መድኃኒት ነው። ብቻ አመዱን ስለሪው ውስጥ አይጨምሩት፤ ከስለሪው ጋር ሲገናኝ ናይትሮጅኑን አሞንያ አድርጎ ያስወጣዋል። ለየብቻ፣ በተለያየ ቀን ይስጧቸው።

አሁን ወደ ገለፈቱ እንሂድ። ጀንፈል ሲቀሸር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል፤ አንድ ኩንታል ጀንፈል ሃምሳ ኪሎ ግራም ገለፈት ማለት ነው። በቡና መቀሸሪያ ጓሮ ተቆልሎ ዝናብ ሲመታው የሚበሰብሰው፣ አንዳንዴም በእሳት የሚለቀቀው ይህ ነው። ከመፈልፈያ ጣቢያ የሚወጣው እርጥብ ልጣጭ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለማድረቅ የሚያስፈልገው ድካም ከሚሰጠው ሙቀት ይበልጣል። ገለፈቱ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ ደረቅ መሆን አለበት። ማክሰያ ለመሥራት ሃያ ሊትር ያህል የሚይዝ የቆርቆሮ ጣሳ ዙሪያውን በምስማር ይብሱ፤ ከላዩ ሁለት ሜትር የሚያህል የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ይትከሉ። ጣሳው ውስጥ ፍም አድርገው በተጠረገ መሬት ላይ ያስቀምጡና ገለፈቱን ከውጭ በዙሪያው እስከ ጭስ ማውጫው ግርጌ ይከምሩት። እሳቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ይበላል። የክምሩ ፊት ነጥብ ነጥብ እያለ ሲጠቁር፣ ያልጠቆረውን ከጠርዝ በአካፋ እያነሱ ወደ ላይ ይመልሱት። መጀመሪያ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፤ እየሳሳ ሲሄድና ክምሩ በሙሉ ሲጠቁር፣ ግራጫ አመድ ከመታየቱ በፊት ወዲያው በውኃ ያጥፉት። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት መዘግየት የቀኑን ሥራ አመድ ያደርገዋል። የጠፋውን ዘርግተው ቢያንስ አንድ ሌሊት ከቤትና ከጆንያ ያርቁት፤ የጠፋ የመሰለ የገለፈት ከሰል ውስጥ ለውስጥ ነድዶ መጋዘን ያቃጥላል። ሥራው ከመንደር ወጣ ብሎ፣ ነፋስ በማይበረታበት ጠዋት ቢሠራ ለጎረቤትም ይሻላል።

ከ100 ኪሎ ግራም ገለፈት የሚገኘው ከሰል ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ነው። እዚህ ላይ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ጠንከር ያለ ተቃውሞ ሊያነሳ ይችላል፤ ሲከስል በገለፈቱ ውስጥ ከነበረው ሙቀት ከግማሽ በላይ ይጠፋልና፣ እንዳለ ማንደዱ አይሻልም ወይ? ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ልቅ ገለፈት በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባል አይሰጥም፤ ይታፈናል፣ ያጨሳል፣ እየቆየ ይጠፋል። ሳይከስል ጠንካራ ጡብ ለማድረግ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማሽን ይጠይቃል፤ ይህ ለኅብረት ሥራ ዩኒየን እንጂ ለአንድ ጓሮ የሚሆን አይደለም። የከሰለው በእጅ ይጨመቃል፣ ጭሱ ጥቂት ነው፣ ከተማም ይሸጣል። ጠፋ የተባለው ሙቀት ደግሞ ቀድሞም መቀሸሪያው ጓሮ ይጠፋ የነበረ ነው።

ከሰሉን በሙቀጫ ይውቀጡ ወይም ጆንያ ውስጥ ከትተው በዱላ ይደብድቡት፤ ከዚያ በአሸዋ ወንፊት ይንፉት። ዱቄቱ እንደ ሻይ ቅጠል ቢሆን ጥሩ ነው። አራት ጣሳ የከሰል ዱቄት ከሁለት ጣሳ እርጥብ አተላ ጋር ያዋህዱ፤ ሲደርቅ አራት እጅ ከሰልና አንድ እጅ አተላ ይሆናል ማለት ነው። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። የእያንዳንዱ ቤት እበት በመኖው ይለያያል፣ ጭድ የሚበሉ ከብቶች አተላ ቃጫው ረዘም ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከሁለቱ ጣሳ ጋር አንድ ጣሳና ሦስት ጣሳም እየለወጡ ጥቂት ጥቂት ይሥሩና ምልክት አድርገው ያስቀምጡ። ካልያያዘ ጥቂት የተነፋ የሸክላ አፈር መጨመር ይቻላል፤ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ካለፈ ግን ብሪኬቱ ከማገዶነት ወደ ጡብነት ይሄዳል። ቡላ ከሁሉ በላይ ያጣብቃል፣ ይህን ማንም ያውቃል። ቢሆንም ቡላ ምግብ ነው፤ ምግብ ለማብሰል ምግብ ማቃጠል ምን ይሉታል? ድብልቁን እንደ ሊጥ አሽተው፣ በሸራ ሸፍነው ያሳድሩት፤ በማግስቱ የከሰሉ ዱቄት ውኃውን ስለሚጠጣ መያያዙ ይለወጣል።

ለመጭመቂያ ሰፊ የሆነ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ግርጌውን ቆርጠው ይጠቀሙ፤ ወርዱ ከሰባት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ይሁን። በልኩ የተጠረበ ዱላ መደቅደቂያ ይሆናል፤ መሐሉን በጣት ውፍረት ባለው እንጨት ቢበሱት ቀዳዳው አየር ስለሚያስገባ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲነድም ፍሙ ከውስጥ ይይዛል። ቆርቆሮውን ሞልተው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በደንብ ይደቅድቁ፤ ከታች ውኃ ጠብ ማለት ሲጀምር ቀስ ብለው ገፍተው ያውጡት። ጠርዙ ከፈረሰ ውኃው አንሶታል፣ ከወጣ በኋላ ከተንጋደደ በዝቶበታል። ብዙ ሰው የሚሠራበት ከሆነ ከዛፍ ግንድ ጋር የታሰረ ረጅም እንጨት እንደ መፈንቅል ተጠቅሞ መጭመቅ ይቻላል፤ የመኪና ክሪክ ያለውም እሱን በእንጨት ክፈፍ ውስጥ ያስገባው።

በካፋ ይህን ሥራ የሚያከሽፈው አንድ ነገር ቢኖር ማድረቁ ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰማዩ የሚታመን አይደለም፤ ደህና ፀሐይ የሚገኘው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፣ ያ ደግሞ ቡና የሚለቀምበትና የሚሰጣበት ወቅት ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ ባዶ ሆኖ ቢያዩት እንኳ ብሪኬት እንዳይሰጡበት ነው። ቡና ከሥሩ ያለውን ሽታ ይስባል፤ የአንድ ጎተራ ቡና ደረጃ በእበት ሽታ ቢወርድ የዓመቱ ብሪኬት በሙሉ አይከፍለውም። ለብሪኬቱ ራሱን የቻለ የቀርከሃ አልጋ ይሥሩ፤ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ያለ፣ ከላይ በቆርቆሮ ወይም በላስቲክ የተሸፈነ፣ ጎኑ ለነፋስ የተከፈተ። የመጀመሪያውን ቀን በጥላ ያቆዩት፣ ወዲያው ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። በበጋ በሳምንት ይደርቃል። በክረምት ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል፣ አንዳንዱም ይሻግታል። በክረምት ለቤት የሚሆነውን ያህል ብቻ ሠርቶ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ መደርደር ነው የሚያዋጣው። መድረቁን በዓይን አይገምቱ፤ አንዱን ብሪኬት ምልክት አድርገው በሚዛን ይመዝኑ፣ ክብደቱ ለሁለት ቀን ካልቀነሰ ደርቋል።

የከሰለው ብሪኬት ለማንደጃ ነው፤ ለምጣድ ነበልባል ያስፈልጋል። ለዚህ ያልከሰለ ገለፈት ይጠቀሙ። ገለፈቱን ውኃ አርከፍክፈው፣ በሸራ ሸፍነው እስኪለሰልስ አንድ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ከዚያ ከእኩል አተላ ጋር አዋህደው በዚያው ቆርቆሮ ይጨምቁት። ቀለል ያለ፣ ቶሎ የሚነድ ብሪኬት ይወጣል። ይህ ያጨሳል፣ አያጨስም ብዬ አላታልልም፤ ስለዚህ በሦስት ጉልቻ ላይ ሳይሆን ዙሪያው በተዘጋ፣ እንደ «ምርጥ» ባለ ምድጃ ውስጥ፣ ከጥቂት ፍልጥ ጋር ተቀላቅሎ ቢነድ ነው ጥቅሙ። እንጨቱን ጨርሶ ባይተካም ይቀንሳል።

ከመሸጥዎ በፊት ይፈትኑት። ከወገብ ቁመት ደረቅ መሬት ላይ ይልቀቁት፤ ሁለት ቦታ ቢሰበር ምንም አይደል፣ ከደቀቀ አተላው አንሶታል። ከዚያ እኩል ኪሎ ብሪኬትና የእንጨት ከሰል በሁለት ተመሳሳይ ማንደጃ አቀጣጥለው፣ እኩል ውኃ ጥደው ያወዳድሩ። ብሪኬቱ ለመያያዝ ይዘገያል፣ አመዱም ይበዛል፤ በአንፃሩ ፍሙ ይቆያል። ለገዢው ይህንኑ ይንገሩት። ጀበና ለመጣድ የሚቸኩል ሰው ከላዩ ጥቂት የእንጨት ከሰል ጣል ቢያደርግበት ነገሩ ይፈታል፤ ሽሮ ወይም ባቄላ ለሚያበስል ግን የሚቆየው ፍም ይጠቅመዋል። አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ፤ ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። በዝናብ ሌሊት በርና መስኮት ዘግቶ ማንደጃ ይዞ መተኛት በከሰል እንደሚገድለው ሁሉ በብሪኬትም ይገድላል፤ አራስ በቤቱ ያለችበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ።

አሁን የመጠኑን ነገር እንመልከት። «በቀን ሁለት ኪሎ ደረቅ አተላ ምን ሊረባ?» የሚል አይጠፋም። ማገዶ ካደረጉት በእርግጥ አይረባም፤ አንድ ምጣድ እንጀራ ሳይጨርስ ያልቃል። ማጣበቂያ ሲሆን ግን ያ ሁለት ኪሎ ስምንት ኪሎ የከሰል ዱቄት ይይዛል። በሳምንት አሥር ኪሎ ደረቅ አተላ ቢሰበሰብ ሃምሳ ኪሎ ብሪኬት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ከሰል 40 ኪሎ፣ ገለፈቱም አንድ ኩንታል ተኩል ገደማ ነው። አንድ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ገለፈት ከራሱ ጀንፈል አያገኝም፣ አራት አምስት ቤት ተባብሮ ከአንድ መቀሸሪያ ጋር ቢስማማ ግን ያገኛል። ገለፈቱ ለቡናው ሥር ቢመለስ አይሻልም ወይ ለሚል ደግሞ፣ መልሱ እንደ ቦታው ነው። መቀሸሪያው ከማሳው አጠገብ ከሆነ ይመለስ፣ ይህ ከብሪኬትም ይበልጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ጀንፈሉ ወደ ከተማ ዳር ተጭኖ ይሄዳል፤ ገለፈቱን መልሶ ወደ ጌሻ ወይም ወደ ዴቻ ለመጫን የሚከፍል የለም። ለዚህ ለተከመረው ነው ብሪኬት የሚታሰበው።

ጥር ሲገባ የመቀሸሪያው ክምር ከፍ ይላል፣ ፀሐዩም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ከሆነ አንድ ጆንያ ገለፈት፣ የሦስት አራት ቀን አተላና አንድ ቆርቆሮ ይበቃዎታል። ማሽን ለመግዛት አይቸኩሉ፤ በእጅ ያልተያያዘ ድብልቅ በማሽንም አይያያዝም።